ከሶፋ ሳይነሱ፦ ለሳሎን ኮምፒዩተር ገመድ አልባ ኪቦርድ መግጠም

ዕቃው ይህ ነው። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ጠበብ ባለው ሳጥን የመጣው። ኤችዲኤምአይ መውጫ ስለሌለው ከዲስፕሌይፖርቱ በአዳፕተር ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል፤ ድምፁም በዚያው ያልፋል። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበታል፤ ፊልም የሚያጫውተው ኮዲ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ፊልሙ፣ ድራማው፣ የቤተዘመዱ የሠርግና የኒካህ ቪዲዮ ሁሉ አንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጠራቅሟል። ሲፒዩው ቡፌው ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቆሟል። ሶፋው ከዚያ አራት ሜትር ያህል ይርቃል። እስካሁን ፊልም መቀየር የፈለገ ሰው ቡፌው ሥር ተንበርክኮ ባለገመዱን ኪቦርድ ይነካል፤ የተቀመጠው ደግሞ ከኋላ "ኧረ ዞር በልልን" ይላል። ይህ እንዲቀር ነው ሥራው።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ፒያሳ ወርጄ ሁለት ዓይነት ኪቦርድ አየሁ፤ አንዱ ብሉቱዝ፣ ሌላው የራሱን ዶንግል (ዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ የምትሰካ ትንሽዬ ተቀባይ) ይዞ የሚመጣ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ። ባለሱቁ ብሉቱዙን ወደደልኝ። "ለስልክህም ይሆንሃል፣ አብሽር" አለኝ። ለስልክስ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን አልፈለግኩትም። ብሉቱዝ ኪቦርድ ከኮምፒዩተር ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ስለሆነ፣ ሊኑክሱ ተነስቶ እስኪጨርስ ድረስ የሚሰማው የለም። ባዮስ (ሊኑክሱ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ቅንብር) ለመግባት ኤፍ 2ን ብትደበድበው ዝም ነው። ዶንግሏ ግን ራሷን እንደ ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ስለምታቀርብ ማሽኑ ከበራ ጀምሮ ትሠራለች። ደግሞም የእኔው ማሽን ብሉቱዝ የለውም፤ ብሉቱዙን ብይዝም ያው ዶንግል ልገዛለት ነው።

ቅርጹ ላይ ትንሽ አቅማማሁ። በመዳፍ የምትያዝ፣ በአውራ ጣት የምትጻፍ ትንሽዬ አለች፤ ባትሪዋ ቻርጅ ይደረጋል፣ ቁልፎቿ በጨለማ ያበራሉ። ለልጆች ጥሩ ናት። እኛ ቤት ግን ኪቦርዱን የሚይዙት እናቴና አጎቴም ናቸው፤ እነሱን የሩዝ ፍሬ በሚያህል ቁልፍ ላይ ፊደል ፈልጉ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ሙሉ ቁልፍ ያለውን፣ በቀኙ ታችፓድ ያለበትን፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ወሰድኩ። ጠርዙ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ እንዳለው አይቼ ነው የገዛሁት። ሁሉም የለውም፤ ለሳሎን ደግሞ ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፣ ማታ

ዶንግሏን ከሲፒዩው ጀርባ፣ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ጎን ባለው ቀዳዳ ሰካኋት። ምንም ሳይጠይቅ ሠራ። የኮዲ ማውጫ ላይ በቀስቶቹ ወጣሁ ወረድኩ፤ ችግር የለም። ፊልም ከፈትኩ። ስፔስ ነካሁ፣ ፊልሙ አልቆመም። ደግሜ ነካሁ፣ ቆመና ወዲያው ቀጠለ። ቀኝ ቀስቱን ለአፍታ ነካ ሳደርገው ደግሞ ፊልሙ ወደ ፊት ይሮጥ ጀመር፤ እጄን ካነሳሁ በኋላም አልቆመም። የቁልፉ መነካት ደርሶ መለቀቁ መንገድ ላይ ሲቀር ኮምፒዩተሩ ጣቴ አሁንም እዚያው ያለ ይመስለዋል።

"ምን ሆኖ ነው የሚሮጠው? ሰውየው ንግግሩን ሳይጨርስ!" አለች እናቴ። ባለገመዱን መልሼ ሰካሁላት።

እሁድ፣ ጠዋት

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪ ድንጋዩን ነው። አያስከፋም፤ ለማጣራት የሚቀለው እሱ ነው። ከኪቦርዱ ጋር የመጡትን አውጥቼ አዲስ አልካላይን አስገባሁ፤ ለውጥ የለም። ኪቦርዱን ይዤ ወደ ቡፌው ተጠጋሁ፤ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ አንድም ቁልፍ አይጠፋም። ስለዚህ ሲግናሉ እየተሸነፈ ነው፤ ጥያቄው በማን የሚለው ነው። የጎረቤቱም የእኛም ዋይፋይ እዚያው 2.4 ላይ ስለሚውል ራውተራችንን አጠፋሁት። ያው ነው።

ፍንጩ ማታ ያየሁት ነገር ላይ ነበር፤ ማውጫው ላይ ደህና ነው፣ ፊልም ሲከፈት ይበላሻል። ፊልም ሲከፈት ሥራ የሚጀምረው ሃርድ ዲስኩ ነው። አንዱን ፊልም ወደ ሲፒዩው የውስጥ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ፤ እየገለበጠ ሳለ ኪቦርዱ ጭራሽ ደነዘዘ። ሲጨርስ ተንቀሳቃሹን ነቅዬ ያንኑ ፊልም ከውስጥ አጫወትኩት። ስፔስ፣ ቀስት፣ ድምፅ መቀነስ መጨመር፣ ሁሉም ከሶፋው ላይ ሳይዛነፍ ሠራ።

ነገሩ ለካ የታወቀ ነው። ዩኤስቢ 3.0 በሰከንድ እስከ 5 ጊጋቢት ሲያመላልስ ከገመዱና ከመሰኪያው የሚያፈተልከው የሬዲዮ ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝ ያለበትን ሰፈር ይሸፍነዋል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ለአምራቾች ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ለክቶ አሳይቷል፤ መሰኪያውና ዕቃው በደንብ ይሸፈን፣ የገመድ አልባው አንቴና ከመሰኪያው ይራቅ የሚል ነው ምክሩ። የኛ ዶንግል የተሰካችው ሃርድ ዲስኩ ካለበት ከሰማያዊው የ3.0 ቀዳዳ አጠገብ ነበር። ኪቦርዱ እንከን የለውም፤ ሱቅ ይዞት የሚመለስ ሰው በከንቱ ነው የሚጣላው።

በዚህ ማሽን ፊት ለፊት ሁለት ጥቁርና ሁለት ሰማያዊ፣ ከኋላ አራት ጥቁርና ሁለት ሰማያዊ ቀዳዳ አለ። ጥቁሩ 2.0፣ ሰማያዊው 3.0 ነው። ዶንግሏን ከፊት ወዳለው ጥቁር ቀዳዳ አዛወርኳት። ብዙ ተሻሻለ፤ ሆኖም ሰው በመሐል ሲያልፍ ይቆራረጣል። የሲፒዩው ሳጥን ብረት ነው፣ ፊቱን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጋርዶታል፤ በዚያ ላይ የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ 2.4ን ይውጠዋል። እህቴ ቡና ይዛ ባለፈች ቁጥር ፊልሙ ትእዛዝ አይሰማም።

እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ

የመጨረሻው መድኃኒት አንድ ሜትር የሆነ የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ገመድ ሆነ። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ባለ 2.0 ሲሆን የሚያስፈልገውም እሱው ነው፤ ለኪቦርድ 3.0 ገመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከኋላ ካለው ጥቁር ቀዳዳ አውጥቼ በቴሌቪዥኑ ግራ በኩል እስከ ቡፌው ጠርዝ አመጣሁትና በፕላስተር አጣበቅኩት። ዶንግሏ አሁን ሶፋውን ፊት ለፊት ታያለች፤ ምንጣፍ ላይ ከሚቀመጡት ልጆች ጭንቅላትም ከፍ ብላለች። ሃርድ ዲስኩን ወደ ቀኝ ጠርዝ ገፋሁት፤ በሁለቱ መሐል የቴሌቪዥኑ ስፋት አለ። ፊልም እየተጫወተ፣ ፋይል እየተገለበጠ፣ ሰው እያለፈ ሞከርኩት። አንድም አልጠፋም። ከሶፋው አልፌ በሩ ላይ ቆሜም ይታዘዛል።

ገመድ ያላገኘ ሰው ሌላ ዘዴ አለው፤ ሃርድ ዲስኩን ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ መሰካት። ዲስኩ በ2.0 ፍጥነት ሲሠራ ያ ጫጫታ የለም። 2.0 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ነው፤ ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም ከዚያ ጥቂቱን ነው የሚጠይቀው። የሚጎዳው ፋይል ሲገለበጥ ብቻ ነው። እኔ የሠርግ ቪዲዮ ስለማመላልስ ገመዱን መረጥኩ።

እናቴ ማታውኑ ዶንግሏን ዳንቴል አልብሳታለች። ዳንቴል ሬዲዮ አይከለክልም፤ ስለዚህ ክርክር የለንም።

ማክሰኞ፣ ማታ

የደሴ ማታ የታወቀ ነው፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሳሎን ድረስ ይገባል፣ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚቀመጠው። ኪቦርዱ ጭን ላይ ሲሆን የጋቢው ጥለት ታችፓዱ ላይ ይወድቅና ጠቋሚው በስክሪኑ ላይ ይንከራተታል። ይባስ ብሎ ነካ ማድረግ ራሱ እንደ ክሊክ ስለሚቆጠር ፊልም መሐል ማውጫ ይከፈታል። እናቴ ሳትነካው ነው የነካችው፣ ለማለት ይቻላል።

ኮዲ ውስጥ በሲስተም ቅንብሩ የግብዓት ክፍል የማውስና የታች ስክሪን ድጋፍን ማጥፋት ይቻላል። አጠፋሁት። ፊልም ለማየት ቀስትና ኢንተር ይበቃል። ለብራውዘሩ ታችፓዱ ያስፈልጋል፤ እሱን በመንካት ክሊክ ማድረጉን አስቀርቼ በታችኛው ቁልፍ ብቻ ክሊክ እንዲያደርግ አደረግኩት። ጥለቱ ጠቋሚውን ያንቀሳቅስ እንደሆነ እንጂ ምንም አይከፍትም።

ሐሙስ

ዛሬ ቁልፎቹ ላይ ዋልኩ፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ኮዲ ሁሉም ፊደል ላይ ማለት ይቻላል ሥራ ሰጥቷል። ለሚያውቀው ሰው ደስ ይላል፤ ስፔስ ለአፍታ ያቆማል፣ ቲ ጽሑፍ ያወጣል ያጠፋል፣ ኤፍ 8 ድምፅ ይዘጋል፣ ኤስ የማጥፊያውን ዝርዝር ያመጣል። ለማያውቀው ግን እያንዳንዱ ፊደል ወጥመድ ነው። ኤክስ ፊልሙን ያቆመዋል፤ ኪቦርዱን የያዘ ሰው ግራ እጁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ከኢንተር በላይ ያለችው ወደ ኋላ ያጋደለችው ሰረዝ ደግሞ ኮዲን ከሙሉ ስክሪን አውጥታ በመስኮት ታደርገዋለች። ያ ሲሆን የሚንት ዴስክቶፕ ብቅ ይላል፣ ቤቱ ውስጥ "ተበላሸ!" ይባላል፣ ስልክ ይደወልልኛል።

መፍትሔው ኪማፕስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ የምትቀመጥ አጭር የኤክስኤምኤል ፋይል ናት። ለየትኛው ቁልፍ ምን ሥራ እንደሚሰጥ በዚያ ይጻፋል፤ ምንም እንዳያደርግ የሚፈለገው ቁልፍ "ኑፕ" የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ኤክስን፣ ያቺን ሰረዝ፣ ኤስንና ሌሎቹንም ፊደሎች ፊልም ላይ ሳሉ ድምጥማጣቸውን አጠፋኋቸው። የቀሩት ስፔስ፣ አራቱ ቀስቶች፣ ኢንተር፣ የድምፁ ቁልፎች፣ ለእህቴ ሲባል ቲ፣ እና ባክስፔስ ናቸው።

ባክስፔስ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። ኮዲ ቅንብሩ ካልተነካ ባክስፔስ ከፊልሙ ወደ ማውጫው ይመልሳል፤ ፊልሙ ግን ከማውጫው ኋላ መጫወቱን ይቀጥላል። ለእናቴ ይህ ትርጉም የለውም፤ ወጣሁ ብላ ሳለ ሰዎቹ ከኋላ ያወራሉ። ስለዚህ ፊልም ላይ ሳለ ባክስፔስ "አቁም" እንዲሆን አደረግኩት። ኮዲ የቆመበትን ቦታ ስለሚያስታውስ ነገ ከዚያው ይቀጥላል። ይህቺ አንዲት መስመር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ቤቱን ሰላም አድርጋዋለች።

ከዚያ የእህቴን ቀይ ኩቴክስ ተውሼ ስፔስ፣ ኢንተርና ባክስፔስ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረግኩ። እናቴን እንዲህ አልኳት፦ "እማዬ፣ ቀዩንና ቀስቱን ብቻ ንኪ፣ ሌላው የለም በይው።" ከዚያ ወዲህ አልደወለችልኝም።

ቅዳሜ

ማሽኑን ከሶፋ ላይ ማስነሳት። ይህ በሁለት ይከፈላል፤ ከእንቅልፍ ማስነሳትና ጨርሶ ከጠፋበት ማስነሳት። የመጀመሪያው ይቻላል። ባዮስ ውስጥ ፓወር ማኔጅመንት ሥር ዩኤስቢ ዌክ ሰፖርት የሚለውን ማብራት፣ ዲፕ ስሊፕ ኮንትሮል የሚለውን ማጥፋት፤ ያኔ ማሽኑ ተኝቶ ሳለም ለዶንግሏ ኤሌክትሪክ ይደርሳታል። አሁን ስፔስ ሲነካ ይነቃል።

የሚያስቸግረው የታችፓዱ ነገር ነው። ሊኑክስ ውስጥ የማንቃት ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ የዩኤስቢ መሣሪያ በሙሉ ነው፤ ዶንግሏ ደግሞ ኪቦርዱንም ማውሱንም በአንድ ላይ ይዛለች፣ ለይቶ መከልከል አይቻልም። ሌሊት ድመቷ ኪቦርዱ ላይ ስትረማመድ ማሽኑ ይነቃል ማለት ነው። ለዚህ ነው ጠርዙ ላይ ማጥፊያ ያለው ኪቦርድ የሚያስፈልገው። የመጨረሻ የሚነሳ ሰው ማጥፊያዋን ይገፋታል፤ ባትሪ ድንጋዩም ይቆጠባል።

ሁለተኛው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ። ባዮሱ ኤሲ ሪከቨሪ በሚለው ሥር መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ሳስበው ይማርካል። ግን እኛ ሰፈር መብራት ሲመለስ አንዴ ብቻ አይደለም የሚመለሰው፤ መጣ ሲባል ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ሃርድ ዲስኩ መዞር ሲጀምር ሲቋረጥበት፣ ሲጀምር ሲቋረጥበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ጠፍቶ እንዲቆይ ነው ያደረግኩት። ስታብላይዘሩ ቢኖርም ውሳኔዬን አልቀየርኩም። መብራት ከሄደ በኋላ ሰው ተነስቶ የሲፒዩውን ቁልፍ ይነካል፤ ይህችን ያህል መነሳት አይጎዳም።

እሁድ

አጎቴ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። ፊልም አይወዱም፤ የሚፈልጉት ዩቲዩብ ላይ መንዙማ ነው፣ እሱንም በአማርኛ ጽፈው። በሥራ ዘመናቸው ታይፕ ይጽፉ ስለነበር የእንግሊዝኛው ፊደል ቦታው ጣታቸው ላይ አለ።

ለአማርኛው አይባስ (ሊኑክስ ላይ የመጻፊያ ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ላይ ኤም 17 ኤን የሚባለውን የብዙ ቋንቋ አጻጻፍ ጥቅል ጨምሬ ሴራ የሚለውን አጻጻፍ አስገብቻለሁ። ይህን አጻጻፍ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሲሆን ፊደሉን በድምፁ በእንግሊዝኛ ቁልፍ መጻፍ ያስችላል፤ ኪቦርዱ ላይ የአማርኛ ፊደል መለጠፍ አያስፈልግም። የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ስፔስ አብረው ሲነኩ ቋንቋው ይቀየራል።

"መንዙማ" ለዚህ ኪቦርድ የተፈጠረ ቃል ነው። ኤም፣ ኢ፣ ኤን፣ ዜድ፣ ዩ፣ ኤም፣ ኤ። ሺፍት የለበትም። አጎቴ በአንድ እጃቸው፣ ሌላው እጃቸው ስኒ ይዞ፣ ጽፈውት ሲወጣ "ማሻአላህ" አሉ። ቀጥለው "ደሴ" ጻፉ፤ የወጣው "ደሰ" ነው። ኃምስ ድምፅ ትልቁን ኢ ይፈልጋል፣ ማለትም ሺፍት። ጦሳም እንደዚያው፤ ጠ የሚመጣው በትልቁ ቲ ነው። ጨ፣ ጸ፣ ኘ፣ ሁሉም ሺፍት ይሻሉ። እንዲህ ባለ ኪቦርድ ላይ ቀኙ ሺፍት ተጨፍልቆ ከላይኛው ቀስት ጎን ተሸጉጧል፤ ሲስቱት ጠቋሚው መስመር ይዘልላል።

"ጋሼ፣ ሺፍቱን ይንኩና ይልቀቁት፣ ከዚያ ፊደሉን" አልኳቸው፣ ስቲኪ ኪይስን ካበራሁ በኋላ። ይህ ሁለት ቁልፍ አብሮ መያዝ ለሚያስቸግረው ሰው የተሠራ ነው፤ ሚንት የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ አለው። ሺፍት ይነካል፣ ይለቀቃል፣ የሚቀጥለው ፊደል ትልቅ ይሆናል። ስኒውን ሳያስቀምጡ ደሴን ጻፉ። ከአራት ሜትር እንዲነበብም ኮንትሮልና ፕላስ ነክቼ ገጹን አሳደግኩት።

አንድ ነገር ግን ከለከልኳቸው። የባንክ የይለፍ ቃል በዚህ ኪቦርድ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 የደኅንነት ተመራማሪዎች በርካታ አምራቾች የሠሯቸው የ2.4 ዶንግሎች ከውጭ በሚላክ የሐሰት ቁልፍ ሊታለሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል፤ ርካሽ ከሆኑት ውስጥ ደግሞ የሚላከውን ቁልፍ ጭራሽ የማያመሰጥሩ አሉ። የኔው ሳጥን ላይ ስለ ምስጠራ አንድ ቃል አልተጻፈም። ለመንዙማ ምንም አይደለም፤ ገንዘብ በስልክ ይላክ።

እሁድ፣ ማታ

አጎቴ ለራሳቸው ቤትም እንዲሠራላቸው ይፈልጋሉ። የእሳቸው ማሽን ከእኔው አዲስ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው፣ ጥቁር ፈልጎ መሸሽ የለም። ኤክስቴንሽን ገመድ መጀመሪያውኑ ይገዛል። ካልበቃ ሃርድ ዲስካቸውን በ2.0 ገመድ ማገናኘት ነው። የዲስካቸው መሰኪያ ያ ለሁለት የተከፈለው ጠፍጣፋው ዓይነት ስለሆነ የድሮ ስልክ ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ሰፊው ጎኑ ላይ ልክ ይገባል፤ መረጃ የሚያስተላልፍ እንጂ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ገመድ መሆን የለበትም። ዲስኩ ያኔ በ2.0 ይሠራል፣ ጫጫታውም ይቀራል። ኪማፕሱን በፍላሽ ገልብጬላቸዋለሁ። ኪቦርዱን ራሳቸው ሱቅ ገብተው፣ ቀኙን ሺፍት በጣታቸው ፈትሸው ይምረጡ ብያለሁ።